የእናቴ የገብርኤል ማኅበር

የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው ጥር 1997 ዓ.ም. ነው። እኔ የማስታውሳቸው ሴቶች ሥራቸውን የጀመሩት ከዚያ ዓመታት ቀደም ብለው፣ ለታማሚ ከአጥሚትና ከጸሎት በቀር የሚቀርብ ነገር ባልነበረበት ዘመን ነው። እግዚአብሔርን መታመን ሲባል ዛሬም ዓይኔ ላይ ድቅን የሚሉት እነሱ ናቸው፤ ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ባለው ሰፈራችን፣ በጓሮ ክፍሎች ውስጥ ጎንበስ ብለው የማያውቁትን ሰው ገላ ሲያጥቡ።

ሐዋሳ ያኔ ገና ልጅ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ጡረታ የወጡ ወታደሮች፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ከየአቅጣጫው መጥተው በሲዳማ ምድር ሰፈሩባት። አባቴም ከወታደሮቹ አንዱ ነበር። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለተቀመጠች የጭነት መኪና የማያድርባት ሌሊት የለም። ሾፌሩ ያድራል፣ ረዳቱ ያድራል። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ሥራ ፍለጋ የመጡ ልጃገረዶች ሻይ ቤቱንና ቡና ቤቱን ሞልተውታል። ቫይረሱ በኢትዮጵያ በ1976 ዓ.ም. ተገኝቶ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ በኋላ በሽታው እነዚያኑ አውራ ጎዳናዎች ተከትሎ ነው ወደየከተማው የገባው። ሐዋሳ ከመንገዱ ወጣ ያለች ከተማ አልነበረችም።

እኔ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው የ1980ዎቹን መጨረሻና የ1990ዎቹን መጀመሪያ ነው። በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር። «ሳንባ ነው»፣ «ጉበቱን ነው»፣ «ምች መታት» ይባላል። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው በደጅ ካለፈ ቡና ላይ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። የዕድሩ ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሳይታጠፍ ሌላው ደጅ የሚተከልበት ሳምንት ነበር። የሚቀበረው ባብዛኛው ወጣት ነው፤ አልቃሹ ሽማግሌ። ዘመድ ያለው በዘመዶቹ መሐል ይሞታል። የጓሮ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው፣ አገሩ የሁለት ቀን መንገድ የሚርቀው፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ምግብ በመስኮት የሚቀበል ሰው አይቻለሁ። ሰሐኑን ግን መልሶ የሚወስድለት አልነበረም።

እናቴ በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ የቅዱስ ገብርኤልን ማኅበር ትጠጣ ነበር። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትደፋለች፤ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ጽዋው ለቀጣዩ ወር ተረኛ ይተላለፋል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ ሐዋሳ ከአዲስ አበባና ከየአገሩ በሚመጣ ምእመን ትጥለቀለቃለች። ያኔ ማኅበርተኞቹ ሌሊቱን ሲጋግሩና ሲወጠውጡ አድረው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ለተኮለኮሉት ነዳያን ይዘክራሉ። እንደማንኛውም የሰፈር ማኅበር ነበሩ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ እንጀራ እየሸጡ ልጅ የሚያሳድጉ፣ አብዛኞቹም ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች።

በአንዱ ወር ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ቄሱ ሊነሡ ሲሉ ከማኅበርተኞቹ አንዷ «ከእኛ ግቢ ጀርባ የተከራየች ልጅ አለች» አለች። «ከተኛች ሰነበተች። አከራይዋ ዕቃሽን አውጪ ብሏታል። ሳሏ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማኛል።» ሁሉም የምን በሽታ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ማንም ቃል አልተነፈሰም። እናቴ የቀረውን ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ እየጠቀለለች «ነዳይ ማለት የገብርኤል ደጅ ድረስ በእግሩ መምጣት የቻለ ብቻ ነው እንዴ? ይቺስ ልጅ አቅም ስላጣች ድርሻዋ ይቅር?» አለች። ከዚያ የኪራዩ ነገር ተነሣ። ማኅበሩ ለቤተ ክርስቲያኑ ባለወርቅ ዘቦ ጥላ ለመግዛት ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው። የተሳሉት ስለት ነውና መንካት ያስፈራል። አንዷ በግልጽ «የገብርኤልን ገንዘብ?» ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋም ተገቢ ነበር። ሁሉም ወደ ቄሱ ዞሩ። እሳቸው መስቀላቸውን እንደያዙ ጥቂት አሰቡና «ጥላውን በዚያች ልጅ ራስ ላይ ዘርጉት። መልአኩ ያየዋል» አሉ።

በዚያው ምሽት ሦስት ሴቶች ሄዱ። እኔ ውኃ ያለበት ጀሪካን ተሸክሜ ተከተልኩ።

ማጠብ ሲባል ቀላል ይመስላል። ከቡሹሎ ጤና ጣቢያ እየመጣች በየቤቱ ታማሚ የምትጠይቅ ነርስ ነበረች፤ ሥራውን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። የተኛ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እንደሚገላበጥ፣ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ሲያወጣ ጂቪ በሚባለው መድኃኒት እንደሚቀባ፣ አንሶላው መጀመሪያ በረኪና ባለበት ውኃ ተዘፍዝፎ ቀጥሎ እንደሚቀቀል አሳየቻቸው። ጓንት ስትሰጣቸው እሱን ያደርጋሉ። ጓንቱ ሲያልቅ እናቴ ሁለት ፌስታል እጇ ላይ አጥልቃ አንጓዋ ላይ በክር ታስራለች። ክሩን የማስረው እኔ ነበርኩ። ፌስታሉ ሲቀደድ ሌላ ይደረባል። ከሁሉ አስቀድማ ግን ስም ትጠይቃለች። ተዋሕዶ ከሆነ የክርስትና ስሙን፣ ሌላ ከሆነ እናቱ ያወጣችለትን። ገላውን እያጠበች በዚያ ስም ታነጋግረዋለች፤ ስለ አገሩ፣ ስለ ወንድምና እኅቱ፣ ልጅ ሳለ ስለሚወደው ምግብ ትጠይቀዋለች። ለወራት ማንም በእጁ ነክቶት የማያውቅ ሰው ሲነካ እንዴት እንደሚያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ማኅበሩ ብቻውን አልቻለውም። ሐዋሳ ደግሞ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከተማ ናት። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ከ1940ዎቹ ጀምሮ በይርጋለምና በዙሪያዋ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ሲከፍት ቆይቶ ሐዋሳም ገብቷል። የስዊድን ፊላዴልፊያ ሚሲዮን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን የጀመረው እዚሁ ነው፤ ሕይወት ብርሃን ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ወጣች። የኮምቦኒ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን በዚያው ዘመን ማብቂያ ወደ ሲዳማ መጡ፤ ቡሹሎም የካቶሊኮቹ ጤና ጣቢያ ነው። ይህ ሁሉ አጥር ለአጥር ተጎራብቶ ይኖራል እንጂ አብሮ ጸሎት አይቆምም። በተለይ እናቴ ከግድግዳ ማዶ ካለችው የሙሉ ወንጌል አማኝ ጎረቤታችን ጋር ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ ነገር አልነበራትም።

ያቺ ጎረቤታችን በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየሰው ቤት ተደብቀው ካመለኩት አንዷ ናት። በጨለማ ከቤት ቤት መሄድ፣ ሳያንኳኩ መግባት፣ ያዩትን ለማንም አለማውራት የተማረችው በዚያ መከራ ነው። አንድ ምሽት እናቴ ከታማሚ ቤት ስትመለስ በር ላይ ጠብቃ «እትዬ፣ ነገ እኔ ልግባ፤ እርስዎ ይረፉ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ተራ ገቡ። አንዲት የሲዳማ እናትም ቡርሳሜ ሠርታ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ እየላከች ተቀላቀለች። ታማሚ ሲጠናበት ሁሉም በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። እናቴ አማትባ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች፤ ጎረቤታችን ዓይኗን ጨፍና በራሷ ቃል ትጸልያለች። አንዷ ሌላዋ እስክትጨርስ ትጠብቃለች። ስለ ሃይማኖት ልዩነት የሚያነጋግር ብዙ ነገር አለ፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው አልልም፤ እነሱም አይሉም ነበር። አልጋ ላይ የተኛው ሰው ግን ሁለቱንም ይፈልጋቸው ነበር።

ወደ ቡሹሎ የሚወሰድ ሰው ሲኖር በጋሪ ነው። ባጃጅ ገና አልመጣም፤ ሐዋሳ የጋሪና የብስክሌት ከተማ ነበረች። በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ጋሪ ነጂው ወርዶ ፈረሱን ይስባል፣ ሴቶቹ ከኋላ ይገፋሉ። አንድ ወጣት ጋሪ ነጂ ሒሳብ አይቀበላቸውም ነበር። ወደ እሱ ታሪክ እመለሳለሁ።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር ቢኖር የገንዘቡን ነገር ነው። እኛ የምንኖረው በአባቴ ጡረታና እናቴ በምትሸጠው እንጀራ ነው። ሳሙና ያልቃል፣ ከሰል ያልቃል፣ ለአጥሚቱ የሚሆን አጃ ያልቃል። እናቴ በእንዲህ ያለ ቀን «ባለቤቱ ያውቃል» ትልና ባዶውን ድስት ይዛ ትወጣለች። ቁጭ ብላ ስትጠብቅ አይቻት አላውቅም። ወፍጮ ቤት ትሄዳለች፣ ሱቅ ትሄዳለች፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ትወርዳለች። እዚያ ጀልባዎቹ ሲገቡ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውን ይገፍፉና ሥጋውን ይሸጣሉ። ጭንቅላቱና አጥንቱ ዙሪያቸውን ለቆሙት አባ ኮዳዎች የሚጣል ነው። «እማማ፣ ለበሽተኞችዎ ነው?» ይሏትና ድስቷን ይሞሉላታል። በሚጥሚጣና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ የዓሣ ሾርባ ሰው ሲያነሣ አይቻለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ አንዳንዴ ሙሉ ዓሣም ይጨምሩበታል። እምቢ ያሏትም ነበሩ፤ በማግስቱ እዚያው ተመልሳ ትሄዳለች።

ብዙ ሰው እግዚአብሔርን መታመን ማለት የሚፈልጉትን ነገር እንደሚያደርግ እርግጠኛ መሆን ይመስለዋል። እናቴ ያን እርግጠኝነት አልነበራትም። የምታጥበው ሰው እንደሚሞት ታውቃለች። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትጸልይ የምትለምነው ለራሷ ጉልበት፣ ለታማሚው ደግሞ ብቻውን አለመሆን ነው። ከዚያ ነጠላዋን መስቀልያ ታጣፋና ትወጣለች። የቀረውን ለእግዚአብሔር ትተወዋለች፤ በእውነትም ትተወዋለች። ማታ ስትተኛ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ብዙዎቹ ሞቱ። ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅም ሞተች። ዘመድ የሌለው ሲሞት ማኅበርተኞቹ ከፈን ገዝተው፣ ዕድሩን ለምነው፣ እንደ ቤተሰብ ከፊት ቆመው ይቀብራሉ። ለአገር ቤት ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ እናቴ መጻፍ አትችልም። ስለ በሽታው ምን እንደምጽፍ ስጠይቃት «ታማ ሞተች በይ። ብቻዋን አልነበረችም በይ። የቀበርናትን ቤተ ክርስቲያን ስም ጻፊ» ትለኛለች። መልስ የመጣልን ከጥቂቶቹ ነው። አንድ አባት ከሩቅ አገር በአውቶቡስ መጥቶ መቃብሩን አይቶ፣ እኛ ቤት አድሮ ሄዷል። የማኅበርተኞቹን እጅ አንድ በአንድ ሳመ።

የሚከብደው ሟቾቹ ትተዋቸው የሚሄዱት ልጆች ነገር ነበር። ዛሬ ወንድሜ የምለው ከእነሱ አንዱ ነው። ዘመድ እስኪመጣ ለጊዜው ተብሎ ገባ፤ ማንም አልመጣም። እናቴ ያን ሰሞን ደጋግማ የምታነሣት ሴት አበበች ጎበና ነበረች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ወርዳ፣ በረሃብ ከሞተች እናት አጠገብ ሕፃን አግኝታ፣ ከሌላ ልጅ ጋር ይዛ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ቤቷን ጥላ ለመውጣት ያበቃትን ያንን ሥራ ሰኔ 2013 ዓ.ም. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ አልተወችውም። «እሷ ለተሳላሚነት ሄዳ ልጅ ይዛ መጣች፤ እኛ ምን ሩቅ አስሄደን፤ ልጁ ደጃችን ድረስ መጥቷል» ትል ነበር እናቴ።

መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. በፊትም በክፍያ ይገኝ ነበር፤ እኛ ሰፈር የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ሰው አላውቅም። በነጻ መሰጠት ሲጀምር ቡሹሎም ከሚሰጡት አንዱ ሆነ። በመጀመሪያው ጊዜ የሚጀመርለት አንድም በጠና ለታመመ፣ አንድም ሲዲ ፎሩ (የበሽታ መከላከያ ሕዋሱ መጠን) ከ200 በታች ለወረደ ሰው ነው። የማኅበሩ ሥራ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። እስከዚያ ሰውን ወደ ሞት ይሸኙ ነበር፤ አሁን ሰዓት አስጠባቂ ሆኑ። ጠዋት ሁለት ሰዓት አንድ፣ ማታ የቴሌቪዥን ዜና ሲጀምር አንድ። እናቴ በየቤቱ እየዞረች «ዋጥሽ?» «ዋጥክ?» ትላለች። ስታቩዲን የሚባለው ክኒን የእግር መዳፍ ያቃጥላል፣ ጉንጭ ያጎድላል፤ በኋላ በሌላ እስኪተካ ድረስ ብዙ ሰው አሰቃይቷል። በባዶ ሆድ የሚዋጥ ነገር ለታማሚዎቹ ስለማይስማማ ፋሚክስ የሚባለው አልሚ ዱቄት ሲታደል ሴቶቹ ወረፋ ይይዙላቸዋል። ከአልጋ ተነሥቶ ሱቅ ድረስ ራሱ የሄደውን የመጀመሪያ ሰው ለማየት ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ነበር።

ያኔ ነው ከባዱ ጥያቄ የመጣው። ያ ጋሪ ነጂ ተመርምሮ ቫይረሱ ተገኘበት። መድኃኒት ጀመረ፤ ትንሽ ሲሻለው ክኒኑን ትቶ ጠበል ገባ። ክኒን ከዋጥክ ጠበሉ አይሠራልህም የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ በየጠበሉ ቦታ ይህን አምነው መድኃኒታቸውን ጥለው የሞቱ አሉ። በሌላ በኩል በጸሎት ድነሃል ተብለው መድኃኒት ያቆሙም ነበሩ፤ ነገሩ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አልነበረም። እናቴ ጠበሉ ድረስ ሄዳ አገኘችው። አብሬያት ነበርኩ።

«እትዬ፣ ክኒን ከዋጥኩ እኮ እግዚአብሔርን አላመንኩትም ማለት ነው» አላት።

«ልጄ፣ ያ ሳምራዊ መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ሲያገኝ ምን አደረገ? ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት፣ አህያው ላይ ጫነው፣ ለማደሪያው ከፈለለት። ጌታ ራሱ የነገረን ነው። ዘይቱን ለምን አፈሰስክ፣ አላመንከኝም ብሎ ወቀሰው?»

ልጁ ዝም አለ።

«ጠበሉን አልተውክም፤ አትተወውም። ክኒኑን በጠበሉ ዋጠው።»

የንስሐ አባቱም ይህንኑ ደገሙለት። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም ለምእመናን በአደባባይ አስታወቁ። ይህ ቃል ሕይወት አድኗል ብዬ አምናለሁ። ቤተ ክርስቲያን ለሐኪም እንግዳ ሆና አታውቅም፤ ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሳርያ ለድውያንና ለለምጻሞች ቤት ሠርቶ ሐኪም ያኖረ ጳጳስ ነው። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ባስልዮስን በቅዳሴው ታውቀዋለች፤ ስለ ሆስፒታሉ ግን ማንም አልነገራትም ነበር። ወደዚያው መደምደሚያ የደረሰችው በፌስታል በታሰረ እጇ ነው።

ጋሪ ነጂው ዛሬ ባጃጅ አለው። አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ ሚስቱም በእርግዝናዋ ጊዜ መድኃኒቷን በሥርዓት በመውሰዷ ልጆቹ ሁሉ ከቫይረሱ ነጻ ናቸው። ወንድሜ አድጎ ራሱን ችሏል። ጥላውንም ማኅበሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ገዝቶ አስገብቷል፤ በበዓሉ ቀን ሲዘረጋ ማኅበርተኞቹ እልል ሲሉ የማልቀስ ያህል ነበር።

ከእነዚያ ሴቶች እናቴን ጨምሮ ግማሾቹ አርፈዋል። ያሉት አርጅተዋል። አንዷ ዓይኗ ጠፍቷል፤ አንዷ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ከአልጋ አትወርድም። ቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አሉ። ስማቸው በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የለም፤ ሽልማት አልተሰጣቸውም፤ አልጠየቁምም። በአገራችን በየከተማው እንደነሱ ያሉ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። የሰፈራችሁን ሽማግሌ ብትጠይቁ ያኔ በየቤቱ እየገባች ታማሚ የምታጥበው ማን እንደነበረች ይነግራችኋል። እባካችሁ ፈልጓት። ስትሄዱ አጥሚት ያዙላት፤ ልብሷን እጠቡላት፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል አገላብጧት፤ የጤና ቀጠሮ ካላት አድርሷት። ለታኅሣሥ 19 ወደ ሐዋሳ የምትመጡ ደግሞ ገብርኤልን ከተሳለማችሁ በኋላ ወደ ሰፈሮቹ ጎራ በሉ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ቤታቸውን ያውቁታል።